ፍሰት ሳይለካ ፍሰትን ማወቅ፦ ኮምፕረሰርን ከሰርጅ የሚያድነው ስሌት

ሴንትሪፉጋል ኮምፕረሰር፣ ማለትም ጋዝን በማሽከርከር የሚጨምቅ ማሽን፣ የሚያንቀሳቅስ ሰው አንድ ነገር ሁልጊዜ ማወቅ አለበት። በዚህች ቅጽበት በማሽኑ ውስጥ ስንት ኪሎ ግራም ጋዝ እያለፈ ነው? ፍሰቱ ከተወሰነ ልክ በታች ከወረደ ማሽኑ ይናወጣል፣ ሊሰበርም ይችላል። የሚገርመው ግን ብዙ ኮምፕረሰሮች ፍሰት የሚለካ መሣሪያ የላቸውም። ግፊታቸው ይለካል። ሙቀታቸው ይለካል። በደቂቃ ስንት ዙር እንደሚዞሩም ይታወቃል። የፍሰት መለኪያ ግን የለም። እንዲያም ሆኖ ያለ ችግር ይሰራሉ።

ዘዴው ሲነገር ቀላል ነው። ፍሰቱን ከሌሎቹ ልኬቶች በስሌት ማውጣት ነው። ሥራው ውስጥ ሲገባ ግን ነገሩ ይጠጥራል። አንዱ ልኬት በአንድ ቦታ ደህና አድርጎ ይናገራል፣ በሌላ ቦታ ምንም አይልም። ምንም የማይልበት ቦታ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አደጋው ያለበት ቦታ ነው። የቱን ልኬት የት ላይ ማመን እንዳለብን ካወቅን ግማሹ ሥራ አለቀ።

ሰርጅ ምንድን ነው?

ሴንትሪፉጋል ኮምፕረሰር ውስጥ ኢምፔለር የሚባል ባለ ክንፍ ጎማ በከፍተኛ ፍጥነት ይሽከረከራል። ጋዙ ከመሃል ይገባል፣ ወደ ጠርዝ ይወረወራል። ከዚያ እየሰፋ በሚሄድ መንገድ ሲያልፍ ፍጥነቱ ወደ ግፊት ይለወጣል። ከማሽኑ ወዲያ ያለው ቱቦና ታንክ በታመቀ ጋዝ የተሞላ ነው። ያ ጋዝ መንገድ ካገኘ ወደ ኋላ ይመለሳል። የያዘው የኢምፔለሩ ግፊያ ብቻ ነው።

ፊኛ ሲነፋ እናስብ። ትንፋሽ እስካለ ድረስ አየሩ ወደ ውስጥ ይገባል። ትንፋሹ ትንሽ ደከም ካለ ግን የፊኛው አየር ተመልሶ አፍን ይሞላል። ኮምፕረሰርም ላይ የሚሆነው እንዲሁ ነው። ፍሰቱ ሲያንስ ጋዙ በክንፎቹ መካከል በሥርዓት መሄዱን ይተዋል። ማሽኑ የሚፈጥረው ግፊት ጫፍ ላይ ይደርስና ይወርዳል። ያኔ የታንኩ ግፊት ይበልጥና ጋዙ ወደ ኋላ ይፈሳል። ታንኩ ትንሽ ሲቀልለው ኮምፕረሰሩ እንደገና ይገፋል። ታንኩ ይሞላል፣ ጋዙ እንደገና ይመለሳል። ይህ ምልልስ ሰርጅ ይባላል።

አስቸጋሪው ፍጥነቱ ነው። በትላልቅ ማሽኖች ፍሰቱ ከደህና መጠን ተነስቶ ዜሮ ለመግባት ከ20 እስከ 50 ሚሊ ሰከንድ ይበቃዋል። ሰው በዚህ ፍጥነት ቫልቭ አይከፍትም። በእያንዳንዱ ምልልስ የማሽኑ ዘንግ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ይገፋል። ይህን ግፊያ የሚሸከመው ኩሽኔታ ይደበደባል። ጋዝ እንዳያመልጥ የሚያግዱት ማሸጊያዎች ይፋተጋሉ። አንዴ የተጨመቀ ትኩስ ጋዝ ተመልሶ እንደገና ስለሚጨመቅ ሙቀቱም ይንራል።

መሐንዲሶች ይህን የሚያዩበት ወረቀት አለ፤ የኮምፕረሰር ካርታ ይሉታል። አግድሙ ፍሰት ነው። ቁሙ የግፊት እጥፍ ነው፤ ማለትም የመውጫው ግፊት የመግቢያውን ስንት እጥፍ እንደሆነ። ለእያንዳንዱ የዙር ፍጥነት አንድ ጎባጣ መስመር ይሰመራል። የጎባጣዎቹ ጫፎች አካባቢ፣ በስተግራ፣ የሰርጅ መስመር ያልፋል። ከእሱ በስተቀኝ፣ ብዙ ጊዜ 10 በመቶ ያህል ራቅ ብሎ፣ የጥንቃቄ መስመር ይሰመራል። የማሽኑ ነጥብ ወደ ጥንቃቄው መስመር ከተጠጋ ማለፊያ ቫልቭ ይከፈታል። ቫልቩ ከመውጫው ጋዝ ወስዶ ወደ መግቢያው ይመልሳል፣ ወይም አየር ከሆነ ወደ ውጭ ይለቃል። በዚህ መንገድ በኢምፔለሩ ውስጥ የሚያልፈው ፍሰት ከፍ ይላል።

እንግዲህ ነጥቡ ካርታው ላይ የት እንዳለ ለማወቅ አግድሙን ማወቅ ግድ ነው። አግድሙ ደግሞ ፍሰት ነው።

መለኪያ መግጠም ለምን ያስቸግራል?

ገዝቶ መግጠም ነው እንጂ ምን ያደክማል የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ በትላልቅ የጋዝ ፋብሪካዎች የሚደረገውም ያ ነው። ግን ዋጋ አለው። በጣም የተለመደው ዘዴ ቱቦው ውስጥ ጠባብ ቀዳዳ ያለው ሳህን አስገብቶ ከፊቱና ከኋላው ያለውን የግፊት ልዩነት ማንበብ ነው። ጠባቡ ቀዳዳ ግን ራሱ ግፊት ይበላል። ያንን ግፊት መልሶ የሚሰራው ኮምፕረሰሩ ስለሆነ፣ ማሽኑ በሰራ ቁጥር ኤሌክትሪክ ይባክናል። ከሳህኑ በፊት ረጅም ቀጥ ያለ ቱቦም ያስፈልጋል። ብዙ ማሽን ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ ቦታ የለም።

ሌላም ችግር አለ። የግፊት ልዩነቱ ከፍሰቱ ካሬ ጋር ነው የሚሄደው። ፍሰቱ ወደ ሩብ ሲወርድ ምልክቱ ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ይወርዳል። ማለትም መለኪያው ዝቅተኛ ፍሰት ላይ ደካማ ነው። ሰርጅ ያለው ደግሞ እዚያ ነው። ስለዚህ መለኪያ አለ ማለት ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም።

ትናንሽ ማሽኖች ላይ ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል። በሃይድሮጂን የሚሄድ መኪና ለፊውል ሴሉ፣ ማለትም ሃይድሮጂኑን ወደ ኤሌክትሪክ ለሚቀይረው ክፍል፣ አየር የሚያቀርብ ትንሽ ኮምፕረሰር አለው፤ በደቂቃ እስከ 100 ሺህ ዙር ድረስ የሚሽከረከሩ አሉ። እዚያ ላይ ቦታም ዋጋም ክብደትም ይቆጠራል። የትላልቅ ሕንፃዎች ማቀዝቀዣ ኮምፕረሰሮችም አብዛኛውን ጊዜ የሚጠበቁት በግፊትና በሞተር ጭነት እንጂ በፍሰት መለኪያ አይደለም።

መኪና የሚያውቅ ሰው ደግሞ ነገሩን ሳያስተውለው ለምዶታል። አንዳንድ ሞተሮች የሚገባውን አየር በቀጥታ የሚለካ ሴንሰር አላቸው። ሌሎቹ የላቸውም፤ የመግቢያውን ግፊትና ሙቀት፣ የሞተሩን ዙርና የሲሊንደሮቹን ይዘት ወስደው አየሩን ያሰላሉ። ባለ 2 ሊትር ሞተር በደቂቃ 3000 ዙር ሲዞር በሰከንድ 50 ሊትር ያህል የመሳብ አቅም አለው፤ ባለ አራት ምት ሞተር በየሁለት ዙሩ አንዴ ስለሚስብ። አንድ ሊትር አየር 1.2 ግራም ገደማ ይመዝናል። ሲሊንደሮቹ 90 በመቶ ይሞላሉ ብንል በሰከንድ 54 ግራም አየር ገባ ማለት ነው። ነዳጁ የሚመጠነው በዚህ ግምት ነው።

የግፊት ካርታውን ወደ ኋላ ማንበብ

ወደ ኮምፕረሰራችን እንመለስ። መጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ ካርታውን ገልብጦ ማንበብ ነው። ዙሩን እናውቃለን። የግፊት እጥፉን እናውቃለን። የዚያን ዙር መስመር ይዘን ይህ ግፊት የትኛው ፍሰት ላይ ይገኛል ብለን እንጠይቃለን።

ይሰራል። ግን እስከ የት ድረስ? ቁጥሮቹን ለዚህ ጽሑፍ ብዬ ያበጀሁትን ማሽን እንውሰድ። በአንድ ቋሚ ዙር፣ ፍሰቱ በሰከንድ 1.8 ኪሎ ግራም ሲሆን የግፊት እጥፉ ጫፉ ላይ ይደርሳል፤ 2.00 ይሆናል። ፍሰቱ ከ1.8 በራቀ ቁጥር ግፊቱ ይወርዳል። የሚወርደው የርቀቱ ካሬ በ0.4 ተባዝቶ ነው እንበል።

መጀመሪያ ከሰርጅ ርቀን፣ 2.4 ላይ እንቁም። የግፊት እጥፉ 1.856 ነው። የግፊት ንባባችን በግማሽ በመቶ ቢሳሳት የፍሰት ግምታችን የሚሳሳተው በ0.02 ኪሎ ግራም ብቻ ነው፤ አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። በጣም ጥሩ።

አሁን ጫፉ ላይ፣ 1.8 ላይ እንቁም። እዚህ መስመሩ ጠፍጣፋ ነው። ንባባችን በዚያው ግማሽ በመቶ ተሳስቶ 1.99 አለ እንበል። ስሌቱ ሁለት መልስ ይሰጣል፤ 1.64 እና 1.96። አንዱ ሰርጅ ውስጥ ነው፣ ሌላው ደህና ቦታ ነው። ያው ሴንሰር፣ ያው ስህተት ነው፤ ግምቱ ግን በ9 በመቶ ገደማ ወዲህም ወዲያም ይሄዳል። የጥንቃቄ መስመራችን 10 በመቶ ብቻ የራቀ መሆኑን እናስታውስ። ጥንቃቄውን በሙሉ ስህተቱ በላው ማለት ነው።

ይህ በተሻለ የግፊት ሴንሰር የሚፈታ አይደለም። ሰርጅ የሚጀምረው የግፊቱ መስመር በሚተኛበት አካባቢ ነው። መስመሩ በሚተኛበት ቦታ ላይ ደግሞ ግፊት ስለ ፍሰት የሚናገረው ነገር የለም። ችግሩ የማሽኑ ጠባይ ነው፤ መሣሪያ በመቀየር አይሄድም። ግፊትን ብቻ ይዞ ከሰርጅ እጠብቃለሁ የሚል ሥርዓት ሲያጋጥመኝ የምጠራጠረው ለዚህ ነው።

ሞተሩ የሚያውቀው

ታዲያ ጫፉ ላይ ሲደርስ የማይተኛ ምን ምልክት አለ? ዘንጉን ለማዞር የሚወስደው ጉልበት፣ ማለትም ቶርክ።

መሠረቱን የጣለው የሂሳብ ሊቁ ሊዮናርድ ኦይለር ነው፣ ገና በ18ኛው ክፍለ ዘመን። ሐሳቡ እንዲህ ነው። ወደ ኢምፔለሩ የሚገባው ጋዝ አይሽከረከርም። ሲወጣ ግን ከኢምፔለሩ ጠርዝ ፍጥነት የሚጠጋ ሽክርክሪት ይዞ ይወጣል። ያንን ሽክርክሪት የሰጠው ዘንጉ ነው። ስለዚህ ቶርኩ በሰከንድ ስንት ኪሎ ግራም ጋዝ እንደተሽከረከረ ይናገራል። ጋዙ የኢምፔለሩን ጠርዝ ሙሉ በሙሉ አይከተልም፣ ትንሽ ይንሸራተታል። ለዚያ 0.85 የመሰለ ማስተካከያ ይባዛበታል።

በቁጥር እንየው። የዚያው ማሽን ኢምፔለር ከመሃል እስከ ጠርዝ 15 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ክንፎቹ ቀጥ ያሉ ናቸው፣ በደቂቃ 20 ሺህ ዙር ይዞራል እንበል። የጠርዙ ፍጥነት በሰከንድ 314 ሜትር ይሆናል። ካሬ አድርገን በ0.85 ስናባዛ፣ እያንዳንዱ ኪሎ ግራም ጋዝ ወደ 84 ኪሎ ጁል ይቀበላል። ቶርኩ በዙሩ ፍጥነት ሲባዛ የዘንጉን ኃይል ይሰጣል፤ ይህ ኃይል 168 ኪሎ ዋት ከሆነ፣ 168ን ለ84 አካፍሎ በሰከንድ 2 ኪሎ ግራም ማለት ነው። አለቀ።

ውበቱ ያለው ስህተቱ ላይ ነው። ኃይሉን በ3 በመቶ ብንስት ፍሰቱንም በ3 በመቶ ነው የምንስተው፤ 1.8 ላይ ሆንን 2.4 ላይ። ከግፊቱ ጋር እናወዳድረው። ግማሽ በመቶ ብቻ የሚስት ጥሩ የግፊት ሴንሰር ጫፉ ላይ በ9 በመቶ አሳሳተን። 3 በመቶ የሚስት ደከም ያለ የኃይል ንባብ እዚያው ቦታ በ3 በመቶ ብቻ አሳሳተን። ዋናው ሴንሰሩ ምን ያህል ጥሩ ነው የሚለው ሳይሆን የምንጠይቀው ጥያቄ እዚያ ቦታ ላይ መልስ አለው ወይ የሚለው ነው።

ዛሬ ብዙ ሞተሮች የሚነዱት ዙራቸውን በሚቀያይር ድራይቭ ነው፤ ኢንቨርተር የሚባለው። ድራይቩ ሞተሩን ለማዘዝ ሲል ከረንቱንና ቮልቴጁን በየጊዜው ያነባል፣ ከዚያም ቶርኩን ራሱ ያሰላል። ማለትም የምንፈልገው ቁጥር ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። ለፓምፕ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ያለ መለኪያ ፍሰት የሚገምቱ ድራይቮች በገበያ ላይ አሉ። ሞተሩ በድራይቭ ካልተነዳ ኤሌክትሪኩን ከፓነሉ ላይ ማንበብ ይቻላል። ግን እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ፤ አምፔር ብቻ ማንበብ። ኢንዳክሽን ሞተር ጭነቱ ሲቀንስ ከረንቱ በዚያው ልክ አይቀንስም። ከሚስበው አምፔር ከፊሉ የሞተሩን መግነጢስ ለመፍጠር ብቻ የሚውል ነው። ስለዚህ ጭነት ሲቀል፣ ማለትም ፍሰት ሲያንስ፣ አምፔር ያታልላል። መነበብ ያለበት ትክክለኛው ኪሎ ዋት ነው።

ሁለት ተቀናሾችም አሉ። አንደኛው የኩሽኔታና የጊር ብክነት ነው፤ ይህ ቀላል ነው፣ ከዙሩ ጋር ስለሚሄድ አንዴ ተለክቶ ይቀመጣል። ሁለተኛው ይከብዳል። ማሽኑ እየፈጠነ ከሆነ ከቶርኩ የተወሰነው ጋዝ አይገፋም፣ ብረቱን ነው የሚያፈጥነው። የምሳሌያችን ማሽን የሚሽከረከረው ብረት ሁሉ ተደምሮ ኢነርሺያው፣ ማለትም ዙሩ እንዳይለወጥ የሚያሳየው እምቢታ፣ 0.5 ኪሎ ግራም ካሬ ሜትር ነው እንበል። በየሰከንዱ 100 ዙር በደቂቃ እየጨመረ ቢፈጥን 11 ኪሎ ዋት ያህል ለማፍጠን ብቻ ይሄዳል። ይህ ካልተቀነሰ ፍሰቱ በ0.13 ኪሎ ግራም በልጦ ይገመታል። ማለትም ሥርዓቱ ደህና ነኝ ብሎ ይተኛል፣ ነጥቡ ግን መስመሩን ተጠግቷል። ዙሩ ሲቀንስ ስህተቱ ይገለበጣል፤ ፍሰት ጠፋ ብሎ ያለ ምክንያት ቫልቭ ይከፍታል። የትኛውም አይጠቅምም፤ የዙሩን ለውጥ መከታተልና መቀነስ ግዴታ ነው።

ክንፎቹ ቀጥ ካላሉስ? በብዙ የዛሬ ኢምፔለሮች ክንፎቹ ወደ ኋላ ያጋደሉ ናቸው። እዚያ ፍሰቱ ሲጨምር እያንዳንዱ ኪሎ ግራም የሚቀበለው ሥራ ይቀንሳል። ስለዚህ የኃይሉ መስመር ወደ ከፍተኛ ፍሰት ሲሄድ እሱም በተራው መተኛት ይጀምራል። ደግነቱ የሚተኛው ከሰርጅ በራቀው ጎን ነው፤ እዚያ ደግሞ ግፊቱ ቁልቁል ስለሚወርድ በደንብ ይናገራል። አንዱ ሲደክም ሌላው ይበረታል። ደህና ተብሎ የተሰራ ግምት ሁለቱን እያመዛዘነ የሚይዘው ለዚህ ነው።

አንድ ተጨማሪ ጥቅም ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። ኪሎ ግራሙ ከቶርክ ሲወጣ የጋዙ ዓይነት ስሌቱ ውስጥ አይገባም። ቀላል ጋዝም ሆነ ከባድ ጋዝ፣ በአንድ ኪሎ ግራም የሚቀበለው ሥራ ከጠርዙ ፍጥነት ጋር ነው የተያያዘው። የግፊት እጥፉ ግን ጋዙ ሲቀየር ክፉኛ ይቀያየራል። የሰርጅ መስመሩም ስለሚንቀሳቀስ ጋዙን ጭራሽ መርሳት አይቻልም። ቢያንስ ግን አንዱ ጥያቄ ቀለለ።

ሁሉም ነገር ሲንቀሳቀስ

እስካሁን ያልነው ነገር ሁሉ ማሽኑ ረጋ ብሎ ሲሰራ ነው። ሰርጅ ግን የሚመጣው በሽግግር ላይ ነው። ከወዲያ ያለ ቫልቭ በድንገት ይዘጋል፣ ወይም ተጠቃሚው ጋዝ መውሰድ ያቆማል። ያኔ ወደ ታንኩ የሚገባውና የሚወጣው ፍሰት እኩል አይሆኑም።

ይህን እንቅስቃሴ በጥቂት እኩልታዎች ያስቀመጠው የመሐንዲሱ የኤድዋርድ ግሬትዘር ሥራ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው። ማሽኑንና ታንኩን በሁለት ነገር ይገልጻቸዋል። የቱቦው ጋዝ የሚፈጥነው ኮምፕረሰሩ የሚፈጥረው ግፊት ከታንኩ ግፊት ሲበልጥ ነው። የታንኩ ግፊት የሚጨምረው ደግሞ የሚገባው ከሚወጣው ሲበልጥ ነው። ሰርጅን ለሚያጠና ሰው እስከ ዛሬ መነሻው ይህ ሞዴል ነው።

ሁለተኛው ሐሳብ ለእኛ ወርቅ ነው። የታንኩ ግፊት በምን ፍጥነት እንደሚጨምር ካወቅን፣ በሚገባውና በሚወጣው መካከል ያለውን ልዩነት እናውቃለን። የምሳሌያችን ማሽን መውጫ ላይ 2 ሜትር ኩብ ታንክ አለ እንበል። የ0.2 ኪሎ ግራም ልዩነት የታንኩን ግፊት በሰከንድ 0.15 ባር ያህል ያንቀሳቅሰዋል። ይህ በተራ የግፊት ሴንሰር በግልጽ የሚታይ ነው።

የሚወጣውስ በምን ይታወቃል? ጋዙ የሚወጣበትን ቫልቭ መክፈቻ ካወቅን ከግፊቱ ጋር አስልተን እናገኘዋለን። አየር ወደ ውጭ የሚለቅ ቫልቭ ላይ ነገሩ ይበልጥ ይቀላል። ውስጡ ያለው ግፊት ከውጭው 1.9 እጥፍ ገደማ ካለፈ፣ በቫልቩ ጠባብ ቦታ ላይ አየሩ የድምፅ ፍጥነት ላይ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ የውጭው ግፊት ምንም ለውጥ አያመጣም። ፍሰቱን የሚወስኑት የውስጡ ግፊት፣ ሙቀቱና የቀዳዳው ስፋት ብቻ ናቸው። ቫልቩ ሳይታሰብ የፍሰት መለኪያ ሆነ ማለት ነው።

እንግዲህ የግፊቱን የለውጥ ፍጥነት ማስላት ብቻ ነው የቀረው ያሰኛል። እዚህ ላይ ግን ተግባር ያስተምራል። የግፊት ንባብ ሁሌም ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ሁለት ተከታታይ ንባቦችን ቀንሶ ለጊዜው ማካፈል ያንን መንቀጥቀጥ ብዙ እጥፍ ያጎላዋል። ውጤቱ ፍሰት ሳይሆን ጫጫታ ይሆናል። ለማለስለስ ብለን አማካይ ከወሰድን ደግሞ ግምቱ ይዘገያል። በ50 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ለሚያልቅ ነገር የዘገየ ግምት ዋጋ የለውም።

መፍትሔው ኦብዘርቨር የሚባለው ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ የማሽኑ ሞዴል ከእውነተኛው ማሽን ጎን ለጎን ይሮጣል። ሞዴሉ አሁን ግፊቱ ይህን ያህል መሆን አለበት ይላል። እውነተኛው ሴንሰር ሌላ ቁጥር ይሰጣል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሞዴሉን ፍሰት በትንሽ በትንሹ ያርመዋል። ምንም ነገር ለጊዜ አልተካፈለም፣ ስለዚህ መንቀጥቀጡ አልጎላም። እ.ኤ.አ. በ2002 የኖርዌይ ተመራማሪዎቹ ቦሃገንና ግራቭዳል ያቀረቡት የፍሰት ኦብዘርቨር በዚህ መንገድ ላይ ያለ ነው። ምን ያህል ሞዴሉን፣ ምን ያህል ሴንሰሩን እንመን የሚለውን በእያንዳንዱ ጫጫታ መጠን የሚያመዛዝነው ደግሞ ካልማን ፊልተር ነው፤ ሩዶልፍ ካልማን እ.ኤ.አ. በ1960 ያሳተመው። ግፊት፣ ቶርክ፣ ዙርና የቫልቭ መክፈቻ አንድ ላይ የሚገናኙት እዚህ ነው።

በኒውራል ኔትወርክ፣ ማለትም ከመረጃ በሚማር ፕሮግራም፣ የሚሰሩ ግምቶችም አሉ። ከማሽኑ በተሰበሰበ መረጃ ላይ ጥሩ ይሰራሉ። ችግራቸው ሰርጅ አካባቢ የተሰበሰበ መረጃ ብርቅ መሆኑ ነው፤ ማንም ውድ ማሽኑን ለትምህርት ብሎ ደጋግሞ ሰርጅ ውስጥ አይከትም።

ኪሎ ግራሙ ግዴታ ነው?

እዚህ ጋ ቆም ብሎ ማሰብ ይጠቅማል። ከሰርጅ ለመዳን በእርግጥ በሰከንድ ስንት ኪሎ ግራም እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል? አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ከመስመሩ ምን ያህል እንደራቅን ማወቅ ነው።

ስለዚህ አግድሙን ከፍሰት ወደ ሌላ ነገር መቀየር ይቻላል። ለምሳሌ ቶርኩን ለዙሩ ካሬና ለመግቢያው የጋዝ እፍግታ አካፍለን የሚወጣውን ቁጥር እንጠቀም። ማሽኑ ሲተከል ቫልቩ ቀስ እያለ ይዘጋል፤ የመጀመሪያው የሰርጅ ምልክት ሲታይ ይቆምና ነጥቡ ይመዘገባል። በሌላ ዙር ይደገማል። ነጥቦቹ ሲገናኙ የሰርጅ መስመሩ በቶርክ ቋንቋ ተሰመረ። የኢምፔለሩ መንሸራተት 0.85 ይሁን 0.88 ግድ አይሰጠንም። መስመሩም ነጥቡም በአንድ ዓይነት ስህተት ስለተለኩ ስህተቱ ይጣፋል። እኔ ብሆን ትንሽ ማሽን ላይ የምመርጠው ይህን ነው። ኪሎ ግራሙ ለሌላ ሥራ፣ ለምሳሌ ለነዳጅ ምጣኔ ወይም ለሂሳብ፣ ካስፈለገ ብቻ ወደ እሱ መሄድ ይቻላል።

ግምቱ ሲያረጅ

ይህ መላ ግን ማሽኑ እንደተተከለ ከቀጠለ ነው የሚሰራው። ኮምፕረሰር ደግሞ ይቆሽሻል። ክንፎቹ ላይ አቧራና ዘይት ይጋገራል፣ ማሸጊያዎቹ ይበላሉ፣ የሰርጅ መስመሩ ቦታውን ይለቃል። በወቅቱ ልክ የነበረው ካርታ ቀስ በቀስ ውሸት ይሆናል። ከሁሉ የሚያሰጋው ይህ ነው፤ ምንም ማንቂያ አይጮኽም።

ለዚህ ሙቀት ይረዳል። ጋዙ የተቀበለው ሥራ በሙሉ ማለት ይቻላል ሙቀቱን ለመጨመር ነው የሚውለው። የምሳሌያችን አየር 84 ኪሎ ጁል ሲቀበል ሙቀቱ በ83 ዲግሪ ገደማ ከፍ ይላል። ኃይሉን ለሙቀቱ ጭማሪና ለአየሩ የሙቀት አቅም ካካፈልነው ፍሰቱን ያለ መንሸራተት ማስተካከያ፣ ያለ ካርታ እናገኘዋለን። የሙቀት ሴንሰር በብረት ኪስ ውስጥ ስለሚቀመጥ ዘገምተኛ ነው፤ ለውጥ እስኪሰማው ሰከንዶች ያልፋሉ። ከሰርጅ ሊያድን አይችልም። ማሽኑ ረግቶ በሚሰራበት ሰዓት ግን ፈጣኑን የቶርክ ግምት ቀስ እያለ ሊያርመው ይችላል። ፈጣኑ ይጠብቃል፣ ዘገምተኛው ያርማል።

የጥንቃቄው ርቀትም ከግምቱ ጥራት ጋር አብሮ መሄድ አለበት። በጥሩ መለኪያ 10 በመቶ የበቃ ከሆነ፣ በ4 በመቶ በሚስት ግምት ከዚያ ሰፋ ማለት አለበት። ርቀቱ ሲሰፋ ቫልቩ ቀድሞ ይከፈታል፣ የተጨመቀ ጋዝ ቶሎ ቶሎ በከንቱ ይመለሳል። ማለትም መለኪያ ባለመግዛት የተረፈው ገንዘብ በኤሌክትሪክ ይወጣል። ትንሽ ማሽን ላይ ይህ ያዋጣል፣ ትልቅ ማሽን ላይ ብዙ ጊዜ አያዋጣም።

በትልልቅ የጋዝ መሥመሮችና ፋብሪካዎች ላይ ስለዚህ መለኪያውን አውልቆ በግምት መተካት አልመክርም። እዚያ ግምቱ የሚጠቅመው ለሁለት ነገር ነው። መለኪያው ሲበላሽ ማሽኑን ከማቆም ይልቅ ቫልቩን ትንሽ ከፈት አድርጎ በግምት መቀጠል ይቻላል። መለኪያው ሳይበላሽ ግን ቀስ በቀስ እየዋሸ ከሆነ ደግሞ ከግምቱ ጋር ሲወዳደር ይጋለጣል። በተርባይን የሚነዳ ኮምፕረሰር ላይ ደግሞ ቶርኩን የሚነግረን ድራይቭ ስለሌለ፣ ከሁሉ ጠንካራው ምልክታችን ገና ከመነሻው ይጎድላል።

አንድ ነገር ይቀራል። ግምቱ ሰርጅ ከተጀመረ በኋላ አይታመንም። ጋዙ ወደ ኋላ ሲፈስም ኢምፔለሩ ጉልበት ይበላል፣ ስለዚህ ከቶርኩ ብቻ አቅጣጫውን መለየት አይቻልም። ወደ ኋላ የሚሄደውን ጋዝ ወደ ፊት እንደሚሄድ ሊቆጥረው ይችላል። ለዚህ ከግምቱ የተለየ፣ ራሱን የቻለ ጠባቂ ይቀመጣል። ይህ ጠባቂ ፍሰት አያሰላም። የመውጫው ግፊት ድንገት ወርዶ እንደገና መውጣቱን፣ የሞተሩም ከረንት አብሮ መዋዠቁን ብቻ ይቆጥራል። በአጭር ጊዜ ውስጥ ከተወሰነ ቁጥር በላይ ከተደጋገመ ግምቱ ምንም ይበል ምን ቫልቩን ሙሉ በሙሉ ይከፍታል፣ ካልረጋም ማሽኑን ያቆማል።